የኔቡላ መሃል ኮከብን ስፔክትረም (በየቀለሙ የተበተነ ብርሃኑን) እንዴት እናንብብ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ኤንጂሲ 40ን ምረጡ። ሴፊየስ በሚባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ ያለ ፕላኔታዊ ኔቡላ ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፣ ከፕላኔት ጋር አይገናኝም፤ ያረጀ ኮከብ ያራገፈው ጋዝ ነው።

ካሜራው ፊት ብርሃን በታኝ ግሬቲንግ ግጠሙና መጀመሪያ ቬጋ የተባለችውን ደማቅ ኮከብ አንሱ። የሃይድሮጅን መስመሮቿ 486.1 እና 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ስለሆኑ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ልኬታችሁን በእነሱ ታስተካክላላችሁ። ይህን እንዳትዘሉት፣ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኔቡላው ዙሩ። ደጋግማችሁ አንሱና ምስሎቹን ደርቡ። ከባዱ ሥራ ኮከቡን ከጋዙ መለየት ነው፤ ደግነቱ እንዲህ ባለ ግሬቲንግ ኮከቡ ቀጭን ረጅም ሰንበር ሆኖ ይወጣል፣ ጋዙ ግን በየመስመሩ ቦታ፣ ለምሳሌ 656.3 ላይ በሃይድሮጅን፣ የራሱን ቅርጽ የያዘ ትንሽ ክብ እየሠራ ይቀመጣል። እናንተ ሰንበሩን ብቻ ተከተሉ። 569.6 እና 580 አካባቢ ሰፋ ያሉ ደማቅ እብጠቶች ካያችሁ አገኛችሁት! ሁለቱም የካርቦን ናቸው። የሰፉትም ኮከቡ ከራሱ ላይ ጋዝ በሰከንድ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወረወረ ስለሆነ ነው፣ እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

የመጀመሪያው 2 ኤሌክትሮን ያጣ ካርቦን ነው፣ ሁለተኛው 3 ያጣ። እንዲህ ባሉ ኮከቦች ሁለተኛው እየጎላ ሲሄድ ሙቀቱም ይጨምራል። ለማነጻጸር ሲግነስ በሚባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ ያለውን የካምቤልን ኮከብ አንሱ፤ እሱ ቀዝቀዝ ስለሚል የመጀመሪያው ጎልቶ ይታያል።