ሊኩዊድ ኩሊንግ ያለው ዴስክቶፕ ራሳችሁ ለመገጣጠም፣ ፓምፑን እና አየሩን አደራ

ሊኩዊድ ኩሊንግ (ኮምፒውተሩን በፈሳሽ ማቀዝቀዝ) ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቢያፈስስስ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን ፋብሪካ ተሞልቶ ታሽጎ የሚመጣው ኦል ኢን ዋን ኩለር (ፓምፑ፣ ቱቦው እና ሙቀቱን የሚያስወጣው ራዲያተር አንድ ላይ ተያይዘው የሚመጡበት) ላይ ፈሳሹን እናንተ አትነኩትም፣ ቱቦም አትቆርጡም፣ የሚያፈስሰውም ከስንት አንዱ ነው። ከዛ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥመው ፓምፑ በትክክል ሳይሰካ መቅረቱ እና አየር ፓምፑ ውስጥ መጠራቀሙ ስለሆነ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ነው የማልፈው።

የጌም ኮምፒውተር ዕቃ የሚሰራው ሬዘር በፈረንጆቹ 2014 ሲኢኤስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ ፕሮጀክት ክሪስቲን የሚባል ኮምፒውተር አሳይቶ ነበር። ፕሮሰሰሩ፣ ግራፊክሱ፣ ስቶሬጁ ሁሉም በየራሱ ሳጥን ታሽጎ መሃል ላይ ያለ ምሰሶ ላይ ይሰካል፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሹም ስትሰኩት አብሮ ይገናኛል። እስካሁን ካየኋቸው የዴስክቶፕ ሀሳቦች እንደሱ ደስ ያለኝ የለም፣ ያሳዝናል ገበያ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ደስ የሚለው ግን ዛሬ በተራ ዕቃ ወደዛ ሀሳብ በጣም የሚጠጋ ነገር መስራት ትችላላችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ካቻቪቴ እና ትዕግስት ነው።

መጀመሪያ ከመግዛታችሁ በፊት። ራዲያተሩ በሚሊሜትር ነው የሚሸጠው፣ 240 ማለት ሁለት ባለ 120 ፋን፣ 280 ሁለት ባለ 140፣ 360 ደሞ ሶስት ባለ 120 ነው። ኬዙ የትኛውን እንደሚይዝ እና የት ቦታ እንደሚይዝ እዩ፣ ውፍረቱንም አትርሱ ምክንያቱም ራዲያተሩ ከነፋኑ ብዙ ጊዜ 5 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሚሆን ከላይ ስታስሩት ረጅም ራም ሊነካ ይችላል። ኩለሩ ለሶኬታችሁ (ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ)፣ ለምሳሌ ኤኤም5 ወይም ኤልጂኤ1700፣ የሚሆን ማሰሪያ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለውም አረጋግጡ። ፕሮሰሰራችሁ 65 ዋት አይነት ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥሩ የአየር ኩለር ይበቃችኋል፣ ብሩን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨምሩት።

ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን እና ኤም ዶት ቱ ድራይቩን (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ቀጭን ስቶሬጅ) ማዘርቦርዱ ኬዝ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ሰክታችሁ ጨርሱ፣ ከዛ ወደ ኬዙ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ራዲያተሩ የት ይታሰር? ከፋብሪካም ሲመጣ ውስጡ ትንሽ አየር አለ፣ ባመታት ውስጥ ደሞ ውሃው በጎማ ቱቦው በኩል በጣም በጣም በትንሹ እየተነነ ስለሚሄድ አየሩ ይጨምራል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ከሁሉም ከፍ ያለው ቦታ ፓምፑ (ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው ክፍል ውስጥ ነው ያለው) ከሆነ አየሩ እዛ ገብቶ ይቀመጥና ፓምፑ መንጫጫት ይጀምራል፣ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ፓምፑም ዕድሜው ያጥራል። ጣራው ላይ ማሰር ከሁሉም የተሻለ ነው። ፊት ለፊት ካሰራችሁት የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ በላይ መሆኑን እዩ፣ ቱቦዎቹ ከደረሱ ደሞ የቱቦዎቹን መግቢያ ወደ ታች አድርጉት። ኬዙ ወለል ላይ ግን አታስሩት፣ ማኑዋሉ ቦታ አለው ቢልም እንኳ።

ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈው የመዳብ ሳህን ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ላጥ አድርጓት፣ ይቺን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ተቀብቶ ካልመጣ አተር የምታክል መሃል ላይ በቂ ናት። ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻ ሳይሆን በመስቀለኛ ትንሽ ትንሽ እያዟዟራችሁ አጥብቁ፣ አለበለዚያ ሳህኑ ባንድ በኩል ያዘነብላል።

ሽቦው ላይ ስንመጣ፣ የፓምፑን ሽቦ ማዘርቦርዱ ላይ ኤአይኦ ፓምፕ (AIO_PUMP) ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ካለ እዛ ሰኩት፣ የራዲያተሩን ፋኖች ሲፒዩ ፋን (CPU_FAN) የሚለው ላይ። የፓምፕ ቦታ ከሌለው ፓምፑን ራሱን ሲፒዩ ፋን ላይ ሰኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ማዘርቦርዶች እዛ የሚዞር ነገር ካላገኙ ስህተት አለ ብለው አይነሱም። አንዳንዱ ኩለር ደሞ ፓወሩን ሳታ ከሚባለው የፓወር ሰፕላይ ሽቦ ነው የሚወስደው፣ ያን ጊዜ የሳታውን ሽቦ ሳትሰኩ ብታስነሱት ፓምፑ አይዞርም። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብታችሁ ፓምፑን ሁሌ በሙሉ ፍጥነት አድርጉት፣ ፋኖቹ ብቻ በሙቀት ከፍ ዝቅ ይበሉ፣ ማኑዋሉ ሌላ ካላለ በቀር።

ስታስነሱት ዊንዶውስ ለመጫን አትቸኩሉ፣ ባዮስ ላይ ትንሽ ቆዩና የፓምፑን ዙር እና የሙቀቱን ቁጥር ተመልከቱ። ከ30 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ከቆመ ጥሩ ነው፣ እዛው ባዮስ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ 90 የሚሮጥ ከሆነ ግን ወዲያው አጥፉና ፕላስቲኳን ወይም የፓምፑን ሽቦ አረጋግጡ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ የመንቦጫቦጭ ድምፅ ቢኖር አትደንግጡ፣ አየሩ ቦታውን እየፈለገ ነው። ከባድ ስራ ላይ ሙቀቱ ከፍ ሲልም እንደዛው፣ ራይዘን 7000 ለምሳሌ ትላልቆቹ እስከ 95 ዲግሪ እንዲሰሩ ተደርገው የተሰሩ ናቸው።

በኋላ ክፍል መቀያየሩ ቀላል ነው፣ ፓወሩን ከግድግዳ ነቅላችሁ ግራፊክስ ካርዱን መልቀቂያዋን ተጭናችሁ ታወጣላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ በቃ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሞጁላር (ሽቦዎቹ የሚነቀሉለት) ፓወር ሰፕላይ ስትቀይሩ ሽቦዎቹንም አብራችሁ ቀይሩ። ጫፉ ቢገጥምም ከፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የድሮው ሽቦ ሃርድ ዲስክ ወይም ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል፣ ይሄን ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ግራፊክሱንም በፈሳሽ ማቀዝቀዝ ከፈለጋችሁ፣ ማለትም ፈሳሹን ራሳችሁ የምትሞሉበትን አይነት ከሰራችሁ፣ ሲነቀሉ ራሳቸውን የሚዘጉ ማገናኛዎች አሉ፣ እነሱ ናቸው ፈሳሹን ሳታፈሱ ክፍል ለመንቀል የሚያስችሏችሁ። እዚህ ላይ ግን የመዳብ ብሎክ (ቺፑ ላይ የሚያርፈው፣ ፈሳሹ የሚያልፍበት ክፍል) ከአሉሚኒየም ራዲያተር ጋር አታገናኙ፣ አሉሚኒየሙ በዝገት ይበላል፣ የቧንቧ ውሃም አትጨምሩ፣ ለዚሁ የተሰራውን ፈሳሽ ተጠቀሙ።

አቧራውን በየተወሰነ ወሩ ከራዲያተሩ ላይ ንፉ፣ ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣታችሁ ያዙት። ከጊዜ በኋላ ምንም ከባድ ፕሮግራም ሳትከፍቱ ሙቀቱ በድንገት ከጨመረ መጀመሪያ የፓምፑን ዙር እዩ፣ ዜሮ ከሆነ እና ሽቦውም ደህና ከሆነ ፓምፑ ሞቷልና ኮምፒውተሩን አጥፉት። ብዙዎቹ ጥሩ ኩለሮች 5 ወይም 6 ዓመት ዋስትና አላቸው፣ ደረሰኙን አስቀምጡት፣ ራሳችሁ ከከፈታችሁት ግን ዋስትናው ስለሚቀር እንዳለ ነው የምትመልሱት።