የተሰፋ ጅማት ላይ የሚተከል ሕብረ ሕዋስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰበታ፣ በገላንና በቡራዩ ብየዳ ቤቶች ግራይንደርና ቆርቆሮ፣ በሱሉልታ የሣር ሜዳ ደግሞ ማጭድ የጣት ጅማት ይቆርጣሉ። ቶሎ የተሰፋ ጅማት ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አይፈልግም። ሲዘገይ ወይም መሃሉ ሲጎድል ግን ከራሱ ከሰውየው ጅማት ተወስዶ ይተከላል፤ አንዳንዴም ከእንግዴ ልጅ የተዘጋጀ ስስ ሽፋን ስፌቱ ላይ ይጠቀለላል።

የመጀመሪያው ስህተት በሽፋኑ ተማምኖ ስፌቱን ማሳሳት ነው። ጣት ላይ የሚጠቀለል ሽፋን ጭነት አይሸከምም፤ ሥራው ጅማቱ ከዙሪያው ሥጋ ጋር እንዳይጣበቅ መርዳት ነው። የሚይዘው ክሩ ነው። ጣት ለሚያጥፈው (አጣፊ) ጅማት ቢያንስ አራት ክር ቁርጡን የሚሻገርበት፣ ከጫፉ 1 ሴ.ሜ ያህል ገባ ብሎ የያዘ ስፌት ያስፈልጋል። በጫፎቹ መሃል ከ3 ሚ.ሜ በላይ ክፍተት ከተፈጠረ ጥገናው ጥንካሬ ሳያገኝ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ በደረቀ ጣት ላይ መትከል። ጣቱ በሌላ ሰው እጅ ሲታጠፍ እሺ ካላለ፣ አዲስ ጅማትም አያጥፈውም። አስቀድሞ ፊዚዮቴራፒ ነው። የጅማቱ ቦይ በጠባሳ ተደፍኖ ከሆነ የሲሊኮን ዘንግ ገብቶ 3 ወር ያህል ይጠበቃል፤ በዘንጉ ዙሪያ ለስላሳ ሽፋን ሲበጅ ጅማቱ በቦታው ይተካል። ለቀን ሠራተኛ ሁለት ቀዶ ሕክምና ማለት ሁለት ጊዜ ከሥራ መቅረት ስለሆነ ከመነሻው ይነገረው።

የሚወሰደውን ጅማት አስቀድሞ አለማየትም አለ። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ተገናኝተው የእጅ አንጓ ሲታጠፍ አንጓው መሃል ላይ እንደ ገመድ ብቅ የሚለው ለዚህ የሚወሰደው ጅማት ነው፤ አንዳንድ ሰው ግን ጨርሶ የለውም። ከወጣ በኋላ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በራሰ ጎዝ ይጠቅለል። መብራት ሥር ከደረቀ ሕዋሳቱ ይሞታሉ።

የሚተከለው ነገር ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ መስማማት ሌላው ነው። ከአሳማ ትንሹ አንጀት የተሠራ ንጣፍ ለትከሻ ጅማት ተሞክሮ የታሰበውን ጥቅም አላሳየም፤ አንዳንዶችንም ለብርቱ ብግነት ዳርጓል። ከዚያም በላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ምን እንደሚገባበት የማወቅ መብት አለው።

ብዙ እጅ የሚበላሸው ግን ቤት ከተገባ በኋላ ነው። የቆዳው ክር በ2 ሳምንት ገደማ ይወጣል፤ ቁስሉ ደርቆ ሲታይ ሰው ዳንኩ ብሎ ስፕሊንቱን (እጁን ደግፎ የሚይዘውን) ፈትቶ ጀሪካን ያነሣል። ከውስጥ ግን ጥገናው እጅግ የሚደክመው ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ወጌሻ ለወለምታ የታወቀ እጅ ይኖረው ይሆናል፤ የተሰፋ ጅማት ግን ሲታሽ ይበጠሳል። በተለመደው አሠራር ስፕሊንቱ 6 ሳምንት፣ ከባድ ሥራ ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ይጠብቃል። ተቃራኒውም ይጎዳል፤ ፈርቶ ጣቱን ጨርሶ ያላነቃነቀ ሰው ጅማቱ ከጠባሳው ጋር ይጣበቅበታል። ስለዚህ ባለሙያ ያሳየው እንቅስቃሴ፣ ስፕሊንቱ ሳይወልቅ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይጀመራል።

በመጨረሻ፣ ለሆድ ሕመም ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ) ገዝቶ መዋጥ። የዚህ መድኃኒት ቤተሰብ ጅማት ያዳክማል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ጅማት መበጠስ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምበት አዟል። ፋርማሲ ሲገቡ ጅማትዎ እንደተሰፋ አስቀድመው ይናገሩ።