ቅርጽን መሃል ላይ ስናስቀምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ሀዋሳ ውስጥ ለጥቂት ጀማሪዎች ኮድ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ ካንቫስ (ድረ ገጽ ላይ በኮድ የሚሣልበት ሰሌዳ) ላይ የግድግዳ ሰዓት እየሠራች «ጋሼ፣ ደቂቃ ቆጣሪው ሳዞረው ይጠፋብኛል» አለችኝ። ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት! በቃ፣ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀላሉ። ክብ ስትሥሉ የምትሰጡት የመሃሉን ነጥብ ነው። አራት ማዕዘን ሲሆን ግን የላይኛውን የግራ ጥግ ነው። 400 በ300 የሆነ ካንቫስ መሃሉ 200፣ 150 ነው (ከግራ 200፣ ከላይ 150)። እዚያ ላይ 100 በ60 የሆነ ሳጥን አስቀምጡ ሲባል ብዙዎች 200፣ 150 ብለው ይጽፋሉ። ሳጥኑ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሸሻል። የስፋቱንና የቁመቱን ግማሽ ቀንሱ፦ 150፣ 120።

አሁን ወደ ማዞሩ። ኮምፒውተሩ ቅርጻችሁን አያውቀውም። «አዙር» ስትሉት የሚያዞረው ወረቀቱን በሙሉ ነው፤ ሚስማሩም የተመታው የላይኛው የግራ ጥግ፣ 0፣ 0 ላይ ነው። 90 ዲግሪ ስታዞሩት 200፣ 150 ላይ የነበረው ነጥብ −150፣ 200 ላይ ያርፋል። ከስክሪን ውጪ ወጣ ማለት ነው። ጀማሪ ግን ይህን ሳያይ ዲግሪውን ይነካካል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ሲታገል ያመሻል። እባካችሁ ቁጥሩን ተዉት! ቅደም ተከተሉን እዩ። መጀመሪያ በትራንስሌት (መነሻውን በሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ) 0፣ 0ን ወደ 200፣ 150 ውሰዱት። ቀጥሎ ሮቴት (ማዞሪያው ትእዛዝ)። መሣል መጨረሻ ነው።

ልጅቷ ሮቴትን አስቀድማ ነበር። መስመሮቹን አቀያየረች። ቆጣሪው ታየ፣ ግን ወገቡን ተይዞ እንደ ቬንትሌተር ዞረ። ግማሽ መቀነስ ስለለመደች እዚህም ቀንሳለች። የሰዓት ቆጣሪ የሚታሰረው በጭራው ነው። ስፋቱ 6፣ ርዝመቱ 100 ከሆነ ከ−3፣ −100 ይጀምራል፤ ካንቫስ ላይ ወደ ላይ መውጣት መቀነስ ነውና።

ከማዞራችሁ በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያስቀምጠውን ሴቭንና ከሣላችሁ በኋላ የሚመልሰውን ሪስቶርን ከዘለላችሁ ዙሩ በየፍሬሙ (ሥዕሉ እንደገና በተሣለ ቁጥር) ይደራረባል።

ሦስት ማዕዘን ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ለአንድ ባጃጅ ስቲከር ክብ ውስጥ የማጫወቻ ምልክት አስገባሁ። በቁጥር ልክ መሃል ነበር። ታትሞ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ወደ ግራ ያጋደለ መሰለ። የሦስት ማዕዘን ሚዛኑ ከመሠረቱ (እዚህ የግራው ጎን ነው) አንድ ሦስተኛው ላይ ነው። ስፋቱ 60 ከሆነ 30 ላይ ሳይሆን 20 ላይ ያዙት፤ ምልክቱ 10 ፒክስል ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ አግድሙን ሴንተር ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ቤዝላይኑንም (ፊደሎቹ የሚቀመጡበትን መስመር) ሚድል በሉት።