የስልክ ታች (የስክሪኑ ንክኪ) ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ታች ግፊት አይለካም። ከመስታወቱ ስር ለዓይን የማይታዩ የኤሌክትሪክ መስመሮች አግድምና ቁልቁል ተዘርግተዋል። ጣት ሲጠጋ በሁለቱ መካከል ካለው የኤሌክትሪክ መስክ ከፊሉን ወደ ራሱ ይስባል። ለውጡ ከ1 ፒኮፋራድ (ቻርጅ የመያዝ አቅም እጅግ ትንሽ መለኪያ) በታች ነው፤ የታቹ ቺፕ ይህን በሰከንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እየለካ ማንም ካልነካው መነሻ ልኬት ጋር ያነጻጽራል።

ስልኩን ከመፍታትዎ በፊት ይፈትሹ። አንድሮይድ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ ነክተው ዴቨሎፐር ኦፕሽንን (የተደበቀውን የሴቲንግ ክፍል) ይክፈቱ፤ «ፖይንተር ሎኬሽን»ን አብርተው ጣትዎን በመላው ስክሪን ላይ በቀስታ ይጎትቱ። የሚሳለው መስመር የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚዘል ይመልከቱ።

ቻርጅ ሲሰካ ብቻ ያብዳል፣ ያልነኩትን ይከፍታል፦ በዚህ ምልክት ብዙ ደህና ስክሪን በከንቱ ይቀየራል። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቻርጀሩ ነው። ማጣሪያው ደካማ የሆነ ቻርጀር የስልኩን ግራውንድ (ቮልቴጁ የሚለካበትን የዜሮ መነሻ) ከመሬት አንጻር በፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሰውነትዎ ግን አብሮ አይዋዥቅም፤ ስለዚህ ጣትዎ ሲያርፍ ልዩነቱ በጣትዎ በኩል ወደ መስመሮቹ ይገባል፤ ቺፑም ሌላ ንክኪ ይመስለዋል። ቻርጀሩን ነቅለው በፓወር ባንክ ይሞክሩ። ከተስተካከለ ቻርጀሩን ይቀይሩ፤ ስክሪኑን አይንኩት።

አንድ ቀጥ ያለ ሰቅ ብቻ አይሰራም፦ አንድ መስመር ወይም የፍሌክሱ (ስክሪኑን ከቦርዱ የሚያገናኘው ስስ ገመድ) ግንኙነት ተቋርጧል። ስልኩን አጥፍተው ይክፈቱ፤ መጀመሪያ የባትሪውን ኮኔክተር ይንቀሉ። የስክሪኑን ኮኔክተር በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አጽድተው ሲደርቅ መልሰው ይግጠሙ። ሰቁ እዚያው ከቀረ ብዙውን ጊዜ መስመሩ ራሱ ተሰብሯል፤ ያኔ ስክሪን ከመቀየር በቀር መላ የለውም።

ፕሮቴክተር ከተለጠፈ በኋላ ደነዘዘ፦ ውፍረቱን ብቻ አይጠርጥሩ። 0.33 ሚሊሜትር መስታወት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከስሩ የቀረ አየር ነው። መስታወት መስኩን ከአየር 7 ጊዜ ያህል የተሻለ ያሳልፋል። ዳር ዳሩን ብቻ የሚጣበቀውን አንስተው ሙሉ ለሙሉ የሚጣበቀውን ይለጥፉ።

ሲረጥብ ይዘላል፦ ውሃ የጎረቤት መስመሮችን መስክ ያዛባል። ስክሪኑንም ጣትዎንም ያድርቁ፤ ካልበቃ ስክሪኑን ሳይነኩ አጥፍተው ያብሩት፣ መነሻ ልኬቱን እንደገና እንዲወስድ።

ስክሪኑ ከጠርዙ ተነስቶ ታቹ ከተዛባ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ቻርጅ አያድርጉት፣ አይጫኑት፤ አጥፍተው ባትሪውን በባለሙያ ያስቀይሩ።