ባለ 29 ሳይክል ዳገት አልወጣ ሲላችሁ፦ ጥርስ ቁጠሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ሳይክል ስጠግን ደጋግሞ የሚመጣብኝ አቤቱታ አንድ ነው። «ማርሹ አልሠራ አለኝ» ይላሉ። ስነዳው ማርሹ ይሠራል። ኬብሉ አልላላም፣ ሰንሰለቱም ሁሉም ጥርስ ላይ ይወጣል ይወርዳል። ችግሩ የሚመጣው ዳገት ላይ ነው። ሰውዬው የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ ሆኖ ይረግጣል፣ ያምጣል፣ ከዚያ ወርዶ ይገፋል።

የፍሬን መያዝን፣ የጎማ ንፋስን፣ የኩሽኔት መድረቅን፣ የኮርቻ ከፍታን አይታችኋል ብዬ ነው የምቀጥለው።

ምልክት፦ ማርሹ ሁሉ ይገባል፣ ዳገት ግን አይወጣም

ምክንያቱ ጎማው ተልቆ ጥርሱ እንደነበረ መቅረቱ ነው። ድሮ የለመድነው 26 ቁጥር ጎማ ነበር፣ ቁጥሩ የጎማው መጠን በኢንች ነው። አሁን 27.5 እና 29 በዝቷል። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። 2.1 ኢንች ውፍረት ባለው ጎማ 26ቱ በአንድ ዙር 2.07 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 27.5ቱ 2.15፣ 29ኙ ደግሞ 2.29 ሜትር። ስለዚህ ያንኑ ጥርስ ከ26 ወደ 29 ስታዛውሩት እያንዳንዱ ማርሽ 10 ከመቶ ያህል ይከብዳል። ሜዳ ላይ ይህ ደስ ይላል፣ ሳይክሉ ይበራል። ዳገት ላይ ግን እግር ይከፍላል።

ርካሽ 29ኞች ላይ የማገኘው ጥርስ ብዙ ጊዜ ለ26 ሲገጠም የኖረው ነው። ፊት 48፣ 38፣ 28። ኋላ ከ14 እስከ 28። በጣም ቀላል የሚባለው ማርሽ 28 ለ28 ነው፣ አንድ ለአንድ። ፔዳል አንዴ ሲዞር ጎማም አንዴ ይዞራል፣ 2.29 ሜትር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 16 ኪሎ ሳይክል ላይ ሆኖ 10 ከመቶ ዳገት (በ100 ሜትር መንገድ 10 ሜትር ከፍ የሚል) ሲወጣ፣ ደህና ጉልበት ቢኖረው እንኳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው የሚሄደው። በዚያ ፍጥነት 2.29 ሜትር የሚሄድ ማርሽ በደቂቃ 40 ዙር ብቻ ያዞረዋል። በእያንዳንዱ እርግጫ ሙሉ ክብደቱን መጣል አለበት። ጉልበቱ ይታመማል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ማርሹን ወደ 1.48 ሜትር ብናወርደው ግን በዚያው ፍጥነት 62 ዙር ይዞራል። ያንኑ ዳገት ተቀምጦ ይወጣዋል።

እኛ ደግሞ ከፍታው አለብን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ታልፋለች። አየሩ ስስ ነው፣ ሰውነት ቆላ ላይ የሚያወጣውን ጉልበት እዚህ አያወጣም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የሚነዳ ልጅ «ይሄ ሳይክል ምን ወጣለት!» ይላችኋል። ለሸዋ ሮቢት ሜዳ እውነቱን ነው። ያንኑ ሳይክል ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ይዞት ቢወጣ ሌላ ነገር ይናገራል።

አንድ ተማሪ ባለ 29 ሳይክሉን ሦስት ጊዜ አመጣብኝ። የመጀመሪያ ቀን ኬብል ቀየርኩለት። ሁለተኛ ቀን ሰንሰለቱን አጥቤ ቀባሁለት። ሦስተኛ ቀን ልጁ ላቡ ግንባሩ ላይ ደርቆ፣ ሳይክሉን እየገፋ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ደካማው?» አለኝ። ያን ጊዜ ጠመኔ አንስቼ የአንዱን ጥርስ ጫፍ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩ። ፊት ትንሹ 28፣ ኋላ ትልቁ 28። ልጁ ሁለት ጊዜ ገንዘብ የከፈለበት ነገር በአንድ ደቂቃ ቆጠራ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ «ዳገት አልወጣም» ያለ ሰው ሳይክል ጥርሱ ሳይቆጠር ኬብሉን አልነካም።

መቁጠር ከሰለቻችሁ ከቁጥር የማይተናነስ መንገድ አለ። ሳይክሉን ሜዳ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ አድርጉት። አንዱን ፔዳል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱ። ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ በጠመኔ መሬቱ ላይ አስምሩ። ከዚያ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ወደ ታች እስኪመለስ ሳይክሉን ወደፊት ግፉ። ጎማው አሁን የቆመበትንም አስምሩና በሜትር ለኩ። ያ ቁጥር ጎማውንም ጥርሱንም አንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። 26 ይሁን 29፣ ባለ 21 ይሁን ባለ 8 ማርሽ፣ የሚወዳደሩት በዚህ ሜትር ነው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ከ1.5 ሜትር በታች ከሆነ ጀማሪም፣ ዕቃ የጫነም ሰው የእኛን ዳገት ይወጣል። እስከ 1.7 ድረስ ለለመደ ሰው ይበቃል። ከ2 ሜትር በላይ ከሆነ ትገፋላችሁ።

መፍትሄ

መጀመሪያ ኋላውን ቀይሩ። ከ14 እስከ 28 የነበረውን ባለ 7 ፍሪ ዊል፣ ማለትም የኋላ ጥርሶቹን ስብስብ፣ አውጥታችሁ ከ14 እስከ 34 ያለውን ግጠሙ። ፊት 28 ሆኖ ኋላ 34 ሲሆን 29ኙ ወደ 1.88 ይወርዳል። ለውጥ ነው፣ ግን አይበቃም። ስለዚህ ፊቱንም ንኩት። ፊት 42፣ 34፣ 24 የሆነውን ክራንክ (የፊት ጥርሶቹና የፔዳል ክንዶቹ) ከኋላ 34 ጋር ስታጋቡት 29ኙ 1.62፣ 27.5ቱ 1.52፣ 26ቱ 1.46 ሜትር ይሄዳል። ፊት ትንሹ 22 የሆነ ካገኛችሁ 29ኙም 1.48 ይሆናል። ለአንኮበር፣ ለጣርማ በር፣ ለመንዝ ዳገት እኔ ሁልጊዜ 22ን ነው የምፈልገው።

ርካሽ ክራንክ ላይ ጥርሶቹ እርስ በርስ በሪቬት ተመትተዋል፣ ለብቻ አይፈቱም። ሙሉ ክራንኩን ነው የምትቀይሩት። አዲሱ ሲገጠም ትንሹ ጥርስ ፍሬሙን እንዳይነካ አዙራችሁ እዩ። የፊቱን ማርሽ ቀያሪም አውርዱት፣ ከትልቁ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል። ካላወረዳችሁት ሰንሰለቱ ይወድቃል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። 34 ስትገጥሙ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ እዩ። ሰንሰለቱን የሚወጥረው እግሩ አጭር የሆነው ለ28 የተሠራ ነው። 34 ላይ ጥርሱን ይፈጫል፣ የላላውን ሰንሰለትም ሰብስቦ መያዝ አይችልም። ረጅም እግር ያለውን ግዙ። ሰንሰለቱንም በአዲሱ ጥርስ ለኩ። በቀያሪው ውስጥ ሳታሳልፉ በትልቁ የፊት ጥርስና በትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ጠምጥሙት፣ ጫፎቹ ከተገናኙበት ሁለት ክፍል ጨምሩ። አሮጌው ሰንሰለት ለ28 የተቆረጠ ነው፣ ለ34 ያጥራል።

ይህን ያላደረገ ሳይክል አይቻለሁ። አንድ ወጣት ሌላ ቦታ 34 አስገጥሞ፣ ቀያሪውም ሰንሰለቱም ድሮ እንደነበሩ ወደ አንኮበር መንገድ ወጣ። ዳገቱ ሲጀምር ፊቱ ገና 48 ላይ ነበር። ኋላውን ብቻ እየቀያየረ ወደ 34 ወሰደው። ሰንሰለቱ እንደ ክር ተወጠረ። ቀያሪው የተንጠለጠለበት ጆሮ ከፍሬሙ ተገነጠለና ቀያሪው ራጅ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ገባ። ስድስት ራጅ ተቆረጠ። ሳይክሉን አይሱዙ ላይ ጭኖ ሲያመጣው ቀያሪው እንደ ተጠመዘዘ ማንኪያ ሆኖ ነበር። ልጁ ክርኑ ተልጦ ተረፈ። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ሰንሰለት ለክቶ መቁረጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ ሰው ዳገት ላይ የሚልክ ጠጋኝ ያናድደኛል።

ሌላም አለ። ፍሪ ዊል ዳገት በወጣችሁ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ለማውጣት ትክክለኛውን መፍቻ ያዙ፣ መዶሻና ፋስ አትጠቀሙ። ቸርኬም ልትቀይሩ ከሆነ ፍሪ ዊሉን መጀመሪያ አውልቁ፣ ራጁን በኋላ ፍቱ። ራጁ ከወጣ ሞዞውን (የጎማውን መሃል) የሚይዝላችሁ ነገር የለም፣ ፍሪ ዊሉም እዚያው ይቀራል።

ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ያላቸው አዳዲስ ሳይክሎች ላይ ነገሩ ይቀላል። 27.5 ላይ 32 የተመቻችሁ 29 ላይ 30 ግጠሙ፣ ያው ይሆናል። ኋላ እስከ 42 ብቻ ከሆነ ግን 29 ላይ 30 ራሱ 1.63 ሜትር ነው፣ ጀማሪ ለሆነ 28 ይሻላል።

ምልክት፦ አዲሱ ጥርስ ላይ ሰንሰለት ይዘላል

አሮጌ ሰንሰለት ነው። 24 ክፍል ለኩ። አዲስ ከሆነ 305 ሚሊ ሜትር ነው፣ 307 ካለፈ ተስቧል፣ ጣሉት። ደብረ ብርሃን በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው ሰንሰለት ይበላል። አዲስ ጥርስ ላይ አሮጌ ሰንሰለት አታስሩ።

ምልክት፦ ክራንኩ ይላላል፣ ይንቋቋል

ከባድ ማርሽ ላይ ቆሞ መርገጥ ያባብሰዋል። ርካሽ ክራንክ ውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይሰፋል። አንዴ ከሰፋ ቡሎን ማጥበቅ አያድነውም። አንዱን ክንድ ሦስት ጊዜ አጥብቄለት አራተኛው ጊዜ መንገድ ላይ የወለቀበት ደንበኛ አለኝ። ቀይሩትና ማርሹን አቅልሉ፣ ካልቀለለ አዲሱም ሊሰፋ ይችላል።

ምልክት፦ አሁን ዳገት ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ግን እግር በባዶ ይዞራል

በ42 ለ14፣ 29 ላይ 6.86 ሜትር ይሄዳል። ለጫጫ ሜዳ ከበቂ በላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መርገጥ አያስፈልግም፣ እጃችሁ ፍሬን ላይ ይሁን።

ምልክት፦ ፔዳል ኮብልስቶን ይመታል

ማርሽ ለማቅለል ብሎ 29 ፍሬም ላይ 26 ቸርኬ የገጠመ ሰው ሳይክል ነው። ፔዳሉ 3 ሳንቲም ተኩል ያህል ይወርዳል። ጥምዝ ላይ ይጥላል። መልሱት።

ምልክት፦ የፍጥነት መቁጠሪያው ያሳንሳል

የጎማው ዙር ገና በ26 ተሞልቷል። በ29 ልክ፣ 2288 (በሚሊ ሜትር) ብላችሁ አስገቡ።

ገና ልትገዙ ከሆነ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን «21 ማርሽ» ተዉት። ፊት ትንሹንና ኋላ ትልቁን ጥርስ ቁጠሩ። ፊቱን ለኋላው አካፍላችሁ በጎማው ዙር አባዙ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ጠመኔና ሜትር አውጡና እዚያው ሱቁ በር ላይ ለኩት።