ሸረሪት ቤታችን ስትገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማታ መብራት ስናበራ ግድግዳው ላይ አንዲት ትልቅ ሸረሪት ተለጥፋ ብናገኝ፣ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጫማ ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ጫማውን ትቻለሁ። ፍርሃቱ ግን፣ አልዋሽም፣ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ሸረሪት ላይ የምናላክከው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ተባይ ወይም የሌላ በሽታ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ስህተቶቻችንም ከዚያ ይነሳሉ።

ቆዳችን ላይ ለወጣው ሁሉ ሸረሪትን መክሰስ

ከሁሉም የሚጎዳን ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጠዋት ስንነሳ ወገባችን ወይም አንገታችን ላይ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ብናይ «ሸረሪት ሸንታብኝ» እንላለን። የሸረሪት ኩስ ግን ኖራ የመሰለ ነጭ ጠብታ ነው፤ ግድግዳ ያበላሻል እንጂ ቆዳ አያቃጥልም።

ሽፍታው በሰውነታችን አንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ከተዘረጋ፣ ሕመሙም ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ከጀመረ፣ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው ድሮ ጉድፍ ያስያዘን ያው ቫይረስ ነው። ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። መድኃኒት አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። አንሶላ እያራገፍን ሸረሪት ስንፈልግ ሦስቱ ቀን ያልፋል። ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ሌላዋ ተጠርጣሪ አንዲት ትንሽ ጥንዚዛ ናት። ቀጭን ናት፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አትበልጥም፤ ሰውነቷ ላይ ጥቁርና ብርቱካናማ ይፈራረቃል። ማታ መብራት ይስባታል። አትነክስም፣ አትናደፍም። ግን አንገታችን ላይ ስትሄድ ጠፍ አድርገን ከጨፈለቅናት ከውስጧ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል። ቁስሉ የሚታየው ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ስለሆነ ከጥንዚዛዋ ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ጥፋተኛዋ ሸረሪት ሆና ታርፈዋለች። ስለዚህ ቆዳ ላይ ያረፈ ነፍሳት አይጨፍለቅ፤ እፍ ብለን ወይም በወረቀት እናንሳው። ከተጨፈለቀም በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው፤ ሳይታጠቡ ዓይን መንካት አይገባም።

ሌሊቱን እየተደረደረ የወጣ የሚያሳክክ እብጠትስ? ትንኝ፣ ቁንጫ ወይም ትኋን ይፈለግ። ሸረሪት ደም አትጠጣም፤ ከእኛ የምትፈልገው ነገር የለም። ብትነክስ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ተጨፍልቃ ወይም ልብስ ውስጥ ተይዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት በስድስት ወር 2,055 ሸረሪቶች ተለቅመው ነበር። መርዛቸው ሥጋ ይገድላል ተብለው ከሚፈሩት ቡናማዎቹ ማለት ነው። ከቤተሰቡ ግን በእነሱ የተጎዳ አንድም ሰው አልተገኘም። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ስላለችው አንዲት ሸረሪት ማማረር ትንሽ አፈርኩ።

ጣሳውን ሙሉ ፍሊት መንፋት

ይሄን አድርጌዋለሁ። በር ዘግቼ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ጣሳው እስኪያልቅ ነፋሁ። በነጋታው ያሳለኝ እኔን ነው፤ ሸረሪቷ መጋረጃው ላይ ነበረች።

ምክንያት አለው። በረሮ ወለል ላይ የቀረውን መርዝ እግሩንና አንቴናውን ሲያጸዳ ወደ አፉ ያስገባዋል። ሸረሪት ግን በእግሯ ጫፍ ቆማ ሆዷን ከመሬት አንስታ ስለምትሄድ፣ መሬት ላይ የደረቀው መርዝ ብዙም አያገኛትም። በቀጥታ ካልነፉባት በስተቀር ትርፉ ጭስ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ትንኝና ዝንብ የሚያጠምድልንን ፍጡር ገድለን፣ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀውን በረሮ እናተርፋለን። ለበረሮ የሚሻለው መደበቂያው አጠገብ ጠብ የሚደረገው መርዛማ ጄል ነው፤ ልጆችና የቤት እንስሳት የማይደርሱበት ቦታ። እባካችሁ፣ የተለኮሰ ምድጃ ወይም ሻማ ባለበት ፍሊት አትንፉ። የጣሳው ጋዝ እሳት ይይዛል።

ድሩን ጠርጎ ግብዣውን መተው

ዛሬ ጠርገነው ነገ እዚያው ቦታ ድር ካገኘን ሸረሪቷ እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ምግብ ስላለ ነው። በር ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ነጭ አምፖል ነፍሳትን ከየአቅጣጫው ይጠራል። ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል መቀየር ወይም ማታ ማጥፋት ከመጥረጊያ የበለጠ ይሠራል። ከዚያ የበሩን ሥር ክፍተት መድፈን፣ መስኮት ላይ ወንፊት ማድረግ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማሠራት፣ ግድግዳ ተደግፎ የከረመውን ካርቶን ማንሳት።

ድር ስትጠርጉ ክብ ነጭ ጥጥ የመሰለች ነገር ካገኛችሁ የእንቁላል ከረጢት ናት። እንደ ዝርያው በመቶ የሚቆጠር ልጅ ሊፈለፈልባት ይችላል። ለሸረሪት ብከራከርም ለመቶ ልጆቿ አልከራከርም፤ አንሷት።

በቧንቧው ነው የመጣችው ብሎ ውሃ መልቀቅ

መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የምናገኛት ሸረሪት ከቧንቧው አልወጣችም። የፍሳሹ ቱቦ ታጥፎ ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ አለው፤ ያንን ማለፍ ይከብዳታል። ከላይ ወድቃ ነው። የገንዳው ጎን ስለሚያንሸራትት መውጣት አቅቷታል። ጫፉ ላይ ፎጣ ጣል ብታደርጉላት ተንጠላጥላ ትወጣለች። አለዚያ ብርጭቆ ደፍቶባት፣ ከሥር ወፍራም ወረቀት አስገብቶ ማውጣት ነው።

«ምንም አይሉም» ብሎ ሁሉንም መተው

ይሄ ደግሞ የእኔ ዓይነት ሰው ስህተት ነው። ሸረሪትን መታገስ ሌላ፣ ትኋንና በረሮን መታገስ ሌላ። የበረሮ ኩስና ቅርፊት አስም ይቀሰቅሳል። ትኋን ሲገኝ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ይተኛል፤ በልብሱና በትራሱ ትኋኑን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። አልጋችሁን አትልቀቁ፤ አንሶላና ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ የፍራሹን ስፌት ፈትሹ።

አደገኛ ሸረሪት ወይም ጊንጥ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ብርጭቆና ወረቀቱን ተዉት። የተከመረ እንጨት በጓንት አንሱ፤ ጫማ ሳታራግፉ አትልበሱ። ጊንጥ «ጥቁር መብራት» በሚባለው የአልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ማታ ግቢ ለመፈተሽ እሱን የመሰለ ዘዴ የለም። የተነደፈ ሰው ቦታውን አይብጣ፣ አይምጠጥ፣ በገመድም አይሰር። በሳሙና ታጥቦ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት። ሕፃን ከሆነ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ሕመሙ ከተስፋፋ፣ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፤ ቀጥታ ሆስፒታል።