የሚያሳፍረውን መጻፍ፦ ደፍሮ መግጠም ለሚፈልግ

ወሎ ላይ ግጥም የጀመረ ሰው የተሰናዳ ውበት ይጠብቀዋል። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ እዚሁ ነው፤ ጦሳ ተራራ አለ፣ የሐይቅ ውኃ አለ፣ የቡናው ጭስ አለ፣ ሸጋ ልጅ አለች። እነዚህን አሰልፎ ቤት የመታ ሁሉ ጭብጨባ አያጣም። ከአሥረኛው ግጥም በኋላ ግን የሚጻፈው ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ጸሐፊው ከራሱ ምንም አላወጣማ! ድፍረት የምንለው በገዛ ቤታችን ተከድኖ የቆየውን ነገር በስሙ መጥራትን ነው።

መነሻው ወረቀት ነው። ለማንም ያልነገራችኋቸውን ሰባት ነገሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ መስመር ጻፉ። ቢወጣ የሚያሳፍረው እናንተን ብቻ ከሆነ አጠገቡ «እኔ» በሉበት። ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ «ሰው»፣ ጠብ ወይም እስር የሚያመጣ ከሆነ «አደጋ» በሉት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሞች «እኔ» ከተባሉት ብቻ ጻፉ። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሙከራ የእናቱን ገመና ይዞ አደባባይ ይወጣል፣ ቤተሰብ ሲቀየመው ደንግጦ ብዕሩን ይጥላል።

አንዱን ከመረጣችሁ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ለ20 ደቂቃ በስድ ንባብ ጻፉት። ቤት አትፈልጉ፣ አትሰርዙ። ቋንቋው በቤታችሁ የሚነገረው አማርኛ ይሁን፤ እናታችሁ «አብሽር» ካለች «አይዞህ» ብላችሁ አታርሙላት። ስትጨርሱ በእጅ የሚነካ ነገር ፈልጋችሁ አስምሩበት፦ በር፣ ነጠላ፣ ከብት፣ የተሰበረ ጀበና። ግጥሙ የሚወጣው ከዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ስለ አባት ሲጻፍ እጅ ሳያስበው የሚያመጣው ይህን ነው፦

አባቴ ጥላዬ፣ አባቴ ዋርካዬ፤
ስምህ ሲነሳብኝ፣ ይፈሳል ዕንባዬ።

ልኩ አልጎደለም፣ ቤቱም ይመታል። ነገር ግን የማንም አባት ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊውም ምንም አልተጋለጠም። በ20 ደቂቃው ጽሑፍ ውስጥ አባት በችግር ምክንያት ላም የሸጡበት ቀን ተጽፎ ከተገኘ ግን እንዲህ ይሆናል፦

ላሚቱ ስትሸጥ፣ በር ዘግቼ ነበር፤
ግንባሯን ስትስማት፣ አይቼ እንዳላፍር።

አሁን ልጁ ተገልጧል። በአባቱ ሐዘን ያፈረ ልጅ ነው፣ ይህንንም አምኗል። ዕንባ የሚል ቃል አልገባም፤ የተዘጋው በር ይበቃል።

ሁለቱም በወል ቤት የተገጠሙ ናቸው፤ ስንኙ 12 ቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፋይ፣ ሲሆን መሐል ላይ ስድስት በስድስት ይከፈላል። ቀለም በጆሮ እንጂ በፊደል አይቆጠርም። «ስትሸጥ» በጽሑፍ አራት ፊደል ናት፣ ስትነበብ ግን ጠብቃ ሦስት ቀለም ትሆናለች። «አይቼ እንዳላፍር» ላይ ደግሞ «ቼ» እና «እ» በንባብ ይዋዋጣሉ፤ ካልተዋዋጡ አንድ ቀለም ይተርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስንኝ ጣት እያጠፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ድፍረት ብዙ ጊዜ የሚከዳው ቤት መድፊያው ላይ ነው። በ«ር» የሚያልቅ ቃል ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «ፍቅር» ነው። እለፉት። ሁለተኛውንም እለፉት። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ስታነቡት ፊታችሁን የሚያሞቅ ቃል ይመጣል፣ እሱን ያዙ። እውነቱ ለቤቱ አልመች ካለ ቤቱን ለውጡ፤ እውነቱን ለቤት ብላችሁ አትለውጡ።

ሌላው መደበቂያ ዜማ ነው። በትዝታ ቅኝት ካንጎራጎሩት ባዶ ስንኝም ያስለቅሳል፤ ያስለቀሰው ግን ቅኝቱ ነው። ስለዚህ ረቂቁን ያለ ዜማ፣ ያለ ክራር፣ የዕቃ ዝርዝር በሚነበብበት ድምፅ አንብቡት። እንዲያም ሆኖ ከያዛችሁ ይዟል ማለት ነው።

መፈክርም እንዲሁ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት ስለሚኖርበት ስለዚህ አገር «ተቻችለን እንኖራለን» ብሎ መግጠም ምንም አያስከፍልም። ሠርግ ላይ ለየብቻ የታረደውን ሥጋ፣ ሁለቱን ድስት፣ ጭልፋው ተሳስቶ ከአንዱ ወደ ሌላው የገባ ጊዜ ማጀት ውስጥ የወረደውን ዝምታ ጻፉ። መቻቻሉ እዚያ ውስጥ ከነክብደቱ ይታያል።

ያልለመዳችሁትን ቅርጽ መሞከርም ድፍረት ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያላትን የግእዝ ቅኔ፣ የጉባኤ ቃናን ልክ ተውሳችሁ አንድ ሙሉ ሐሳብ በሁለት ስንኝ ዝጉ፤ ማብራሪያ የሚደበቅበት ቦታ አይኖርም። ወይም እንደ መንዙማ ሕዝቡ የሚቀበለው አዝማች አብጁና በተመለሰ ቁጥር ትርጉሙ እየከበደ እንዲሄድ አድርጉ። «አደጋ» ለተባለው ርዕስ ሰምና ወርቅ የቆየ መጠለያ ነው፤ ልኩን ለማወቅ ለሦስት ሰው አንብቡት። ወርቁን ማንም ካላገኘው ሰሙ ወፍሯል፣ ሦስቱም ወዲያው ካገኙት ከነጭራሹ አልተሸፈነም።

አደባባይ ከመውጣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው፣ ቀጥሎ ቡና ላይ ለአራት ለአምስት ሰው አንብቡ። ለመጀመሪያው መድረክ ከ16 ስንኝ አትለፉ። «ይህን የጻፍኩት እንዲህ ሆኖ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ማብራሪያው ግጥሙን ይቀድመውና ይገድለዋል። ሌላ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ጭብጨባው የት እንደመጣ፣ ጸጥታው የት እንደወደቀ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርግላችሁ። ጭብጨባው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቤት የመታ ቦታ ላይ ነው። ቀጣዩን ግጥም ጸጥታው ከወደቀበት ስንኝ ጀምሩ።

«ሰው» የተባሉትን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። በ1966 እና በ1977 ረሃብ የተረፉ አያቶች፣ በ2014 ጦርነት ቤታቸውን ጥለው የወጡ ጎረቤቶች ታሪካቸው የራሳቸው ነው። ስማቸውን፣ ቀያቸውንና ሥራቸውን ለውጡ፤ የተሸከሙትን ዕቃ ግን አትለውጡ። ግጥሙን ከማንም አስቀድማችሁ ለባለታሪኩ አንብቡ፤ ጥሩው ሰዓት እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ በረካው ሲቀዳ ነው። አንብባችሁ ዝም በሉ፣ አትከራከሩ። «ይቅር» ካሉ ይቅር። ወረቀቱን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። የእናንተ የሆነውን ብቻ፣ ሲያወሩላችሁ የተቀመጣችሁበትን ዱካ፣ ሳይጠጣ የበረደውን ስኒ፣ መጠየቅ ፈርታችሁ የዋጣችሁትን ጥያቄ አውጡና ሌላ ግጥም ጀምሩበት።